የአያቴን ጎራዴ ለመረመሩልኝ ጋሼ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው አንድ ባለሙያ ለማመስገን ነው፣ ቤቱ የድሮ ጎራዴ ያለው ሰውም እሳቸው ጋ እንዲሄድ።

ከአያቴ የቀረ ጎራዴ አለን። ስለቱ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ አለ፣ ከእጀታው ሥር ደግሞ በላቲን ፊደል ሶሊንገን ይላል። አምና አንድ የቅርሳቅርስ ሱቅ ወስጄው ነበር። ሰውየው ጽሑፉን ገና ሲያይ «ይሄማ የፈረንጅ ፎርጅድ ነው» አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ በርካሽ ልግዛህ አለ። እናቴ ስትሰማ ሆዷ ባሰ።

በኋላ ጓደኛዬ ወደ አንድ የብር አንጥረኛ ላከኝ። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ድሮ ፒያሳ ነበሩ፣ አሁን ሽሮ ሜዳ አካባቢ ቤታቸው ነው የሚሠሩት።

መጀመሪያ ያስረዱኝ ያንኑ ጽሑፍ ነው። ሶሊንገን በስለት ሥራ ስሟ የገነነ የጀርመን ከተማ ናት። በምኒልክም በጃንሆይም ዘመን ስለቱ ከዚያ ወይም ለንደን ከነበረው ዊልኪንሰን ከሚባል የጎራዴ ፋብሪካ ይመጣ ነበር፣ እጀታና አፎቱ ብዙ ጊዜ እዚሁ ይሠራል። ስለዚህ የፈረንጅ ስም ስላለበት ብቻ ፎርጅድ አይባልም። ግን ስም ማንም ሊመታበት ስለሚችል ጋሼ እሱን ብቻ አይተው አላመኑም። የአንበሳውን ጋማ በማጉያ መነጽር አሳዩኝ። መስመሮቹ ጠርዛቸው ለስልሷል፣ አፎት ሲፈትገው የኖረው ቦታ ደብዝዟል። በቅርብ የተቀረጸ ቢሆን ጠርዙ ጣት ይይዝ ነበር አሉኝ።

እጀታው ላይ የስልክ መብራት ሲያደርጉበት ጥቁር የመሰለኝ ቀንድ ጫፉ ላይ እንደ ማር አበራ፣ ውስጡም እንደ ጸጉር የተደረደረ ክር ታየ። የአውራሪስ ቀንድ ነው! ፕላስቲክ እንዲህ ዓይነት ክር የለውም። (ውጭ ያላችሁ ዘመዶች፣ በሻንጣ ይዤው ልሂድ እንዳትሉ። የአውራሪስ ቀንድ ያለ ልዩ ፈቃድ ድንበር ማሻገር በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው፣ ቅርስ ያለፈቃድ ማውጣትንም አዋጅ 209/1992 ይከለክላል።)

አፎቱ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ስፌቱን ወደ መብራቱ አዞሩልኝ፣ ናይለን ክር ነው። «ልጄ፣ ይሄኛው ከጎራዴው ጋር አልኖረም» አሉኝ። ቀጥለው ስለቱን ገለበጡት። በአንድ ጎኑ ብቻ ዝገት የበላው ብዙ ትንንሽ ጉድጓድ አለ። «እርጥበት ላይ ብዙ ጊዜ ተኝቷል» አሉ። እዚያው ቁጭ ብዬ እናቴ ጋ ደወልኩ። ትንሽ ዝም አለችና «አባባ ደርግ ሲመጣ ጓሮ ቀብረውት ነበር፣ ሲያወጡት ቆዳው በስብሶ ነበር» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለማናችንም ነግራን አታውቅም።

ደስ የሚለኝን ብቻ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር፣ አላደረጉትም። ስለቱ የድሮ፣ እጀታው የድሮ፣ አፎቱ የኋላ ብለው ለያይተው በወረቀት ጻፉልኝ። ዋጋቸውን ጎራዴውን ከመንካታቸው በፊት ነው የነገሩኝ፣ በኋላም አልጨመሩም። ልግዛህም አላሉኝም።

የምትሄዱ ከሆነ ጎራዴውን በብረት ሱፍ እንዳታሹት፣ እንዳለ ውሰዱት። አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ እልካለሁ።

ጋሼ፣ እናቴ «እጃቸው ይባረክ» ብላለች። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።