ስማርትሙቭ፦ ቤዝመንት ለሚያከራዩ ወገኖች ምን ያህል ይጠቅማል?

በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ቤዝመንታቸውን (የቤታቸውን ምድር ቤት) ወይም ሁለተኛ ቤታቸውን የሚያከራዩ ብዙ ወገኖቻችን ተከራይ የሚያገኙት በሰው በሰው ነው። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ትውውቅ፣ የአገር ልጅነት፣ «እኔ አውቀዋለሁ» የሚል የወዳጅ ቃል እንደ በቂ ማስረጃ ይቆጠራል። ሆኖም ወዳጅ ስለ አመልካቹ ጠባይ ቢመሰክርም ዕዳውንና የክፍያ ልማዱን አያውቅም፤ ኪራዩ ሲቋረጥም ተጠያቂ አይሆንም። የትራንስዩኒየን ኩባንያ የሚያቀርበው ስማርትሙቭ የተባለው የተከራይ ማጣሪያ አገልግሎት ይህንን ክፍተት በአብዛኛው ይሞላል፤ ስለዚህ ሪፖርቱን በጥንቃቄ ለሚያነብ አከራይ ሁሉ እመክረዋለሁ።

አከራዩ ጥያቄውን በድረ ገጹ በኩል ለአመልካቹ ይልካል፤ አመልካቹ ማንነቱን አረጋግጦ ሲፈቅድ የክሬዲት ታሪኩ (የብድርና የዕዳ አከፋፈል ታሪኩ)፣ የወንጀል መዝገቡ፣ ኢቪክሽን የሚባለው ከቤት የማስለቀቅ ክስ ታሪኩ፣ እንዲሁም ከ350 እስከ 850 የሚደርስ የተከራይነት ነጥቡ ይቀርባል። ከአሠራሩ ሁሉ የላቀ ሆኖ ያገኘሁት አመልካቹ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን የሚሰጠው በቀጥታ ለኩባንያው መሆኑ ነው። በማመልከቻ ወረቀት ላይ ተጽፎ በአከራዩ መሳቢያ ውስጥ የሚከርም ቁጥር ለሁለቱም ወገን አደጋ ስለሆነ፣ አከራዩ ቁጥሩን ጨርሶ አለማየቱ ትልቅ እፎይታ ነው። ምርመራው የአመልካቹን የክሬዲት ነጥብም አይቀንስም። ክፍያውን አከራዩ ወይም አመልካቹ ሊከፍል ይችላል፤ በሜሪላንድ ግን በአንድ ቦታ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ቤቶችን የሚያከራይና ከ25 ዶላር በላይ የማመልከቻ ክፍያ የተቀበለ አከራይ ለምርመራው ያላወጣውን ትርፍ የመመለስ ግዴታ አለበት።

አገልግሎቱ በእጅጉ የሚደክመው ለእኛ ማኅበረሰብ ይበልጥ በሚያስፈልገው ቦታ ነው። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ ከመጣ ገና ጥቂት ወራት የሆነው ሰው በአሜሪካ የክሬዲት ታሪክ ስለሌለው ሪፖርቱ ባዶ ወይም እጅግ ስስ ይሆናል፤ ታሪክ አለመኖር ግን ከመጥፎ ታሪክ ጋር አንድ አይደለም። እንዲህ ያለውን አመልካች በነጥቡ ብቻ የሚመልስ አከራይ ምናልባት ኪራዩን በየወሩ መጀመሪያ ሳያጓድል የሚከፍለውን ሰው ያጣል። ለዚህ አመልካች የአሠሪውን የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ወረቀትና የባንክ መግለጫ መጠየቅ ይሻላል፤ ኡበር ለሚነዳ ወይም የራሱን ሥራ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ያለፈው ዓመት የግብር ሰነድ ከወርኃዊ ወረቀት የተሻለ ምስል ይሰጣል፤ ምክንያቱም የቤንዚንና የመኪና ወጪ ተቀንሶ የሚቀረውን እውነተኛ ገቢ ያሳያል። ጥሩ ገቢና ጥሩ ክሬዲት ያለው ዘመድ በኪራይ ውሉ ላይ አብሮ ቢፈርምም ሥጋቱ ይቀንሳል። ብዙ አከራዮች የሚቀናቸው ተቀማጩን፣ ማለትም ተከራዩ ሲገባ በመያዣነት የሚያስቀምጠውን ገንዘብ፣ ከፍ ማድረግ ነው፤ ነገር ግን በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሚፈረሙ ውሎች የተቀማጭ ገንዘብ ከአንድ ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ሕጉ ስለሚያዝዝ ያ መንገድ ተዘግቷል ማለት ይቻላል።

የኢቪክሽኑ ክፍልም በጥርጣሬ መነበብ አለበት። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽንና የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በትራንስዩኒየንና በተከራይ ማጣሪያ ቅርንጫፉ ላይ ክስ አቅርበው ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጭቷል፤ ከዚህም 11 ሚሊዮኑ ለተጎዱ ሰዎች የሚከፈል ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ካነሷቸው ቅሬታዎች መካከል አንዱ ክስ እንደ ብዙ ክስ ተደጋግሞ መመዝገቡ፣ የክሱ ውጤት በትክክል አለመገለጹና ሌላ ሰው እንዳያያቸው በፍርድ ቤት የታሸጉ መዝገቦች በሪፖርት ውስጥ መግባታቸው ይገኙበታል። ክስ ተመሠረተ ማለት ተከራዩ ተፈርዶበት ወጣ ማለት ስላልሆነ፣ እንዲህ ያለ መስመር ያየ አከራይ አመልካቹን ጠርቶ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ እንዲያሳየው ይጠይቅ።

ሪፖርቱ አንዴ ከተነበበ በኋላ የሚመጣው ኃላፊነት የአከራዩ የራሱ ነው። በሪፖርቱ ምክንያት አመልካቹን የከለከለ፣ ዋስ የጠየቀ ወይም የኪራዩን ሁኔታ ያከበደ አከራይ በፌዴራሉ የክሬዲት ሪፖርት ሕግ መሠረት ለአመልካቹ ማሳወቅ ይኖርበታል። በማስታወቂያው ላይ የሪፖርቱ አቅራቢ ስም፣ አድራሻና ስልክ፣ ውሳኔውን የወሰነው አቅራቢው እንዳልሆነ፣ አመልካቹም በ60 ቀናት ውስጥ ነፃ ቅጂ የመጠየቅና ስህተቱን የመቃወም መብት እንዳለው መገለጽ አለበት። በስልክ «ቤቱ ተይዟል» ብሎ መሸኘት በመካከላችን የተለመደ ቢሆንም፣ በስህተት መዝገብ የተጎዳን ሰው ስህተቱን የሚያርምበትን ዕድል ይነፍገዋል።

የኪራይ ማስታወቂያውም ከዚሁ ተለይቶ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ በትውልድ አገርና ልጅ በመኖሩ ምክንያት የሚደረግን አድልዎ ይከለክላል፤ በሚኖሩበት ቤት ውስጥ ጥቂት ክፍሎችን የሚያከራዩ ባለቤቶች ከአንዳንድ ድንጋጌዎች ነፃ ቢሆኑም የማስታወቂያው ክልከላ ግን እነርሱንም ይመለከታል። ስለዚህ «ለሐበሻ ብቻ» ወይም «ልጅ ለሌላቸው» ብሎ የጀመረ አከራይ የትኛውንም ያህል ንጹሕ ሪፖርት ቢያስወጣ ጥፋቱን አያርምለትም፤ የሚፈልገውን የገቢ መጠንና ሌሎች መመዘኛዎች አስቀድሞ በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለሚያመለክተው ሁሉ በእኩል ይጠቀምባቸው።