ባለ ሦስት ሽፋኑ የእህል ከረጢት፦ ደረቅ በቆሎ ላለው እሰየው

ሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ የልጆች ገንፎ ዱቄት አዘጋጅቼ ለሰፈር ሰው እሸጣለሁ። የዓመቱን በቆሎ ኅዳር ላይ፣ ዋጋው ሳይወጣ፣ ከሀዋሳ ዙሪያ ገበሬዎች እገዛና ፒክስ በሚባለው አየር የማያስገባ ከረጢት አስቀምጣለሁ። ውጪው የምናውቀው ማዳበሪያ ነው፤ ውስጡ ግን ሁለት ወፍራም ላስቲክ ተደራርቦ ገብቶበታል። ትልቁ አንድ ኩንታል ይይዛል።

ለነቀዝ እንደሱ ያለ አላየሁም። አፉ ጠምዘዝ ተደርጎ፣ ታጥፎ፣ በሲባጎ ጥብቅ ብሎ ከታሰረ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ያልቅና ነቀዙ መላወሻ ያጣል። ግንቦት ላይ ስፈታው እጄን እስከ ክርኔ ባስገባ ብናኝ አይከተለኝም። ሕፃን የሚበላው እህል መድኃኒት ሳይነካው መክረሙ ብቻውን ዋጋውን ያወጣልኛል፤ ከተራው ማዳበሪያ በጣም ይወደዳልና።

የማልስማማው ሻጮቹ በሚሉት ነው። አንዱ "ይሄ ካለሽ አፍላቶክሲን የሚባል ነገር አያሳስብሽም" ብሎኛል። ያሳስበኛል እንጂ! አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚያመርተው መርዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ማሳ ላይ ነው። በቆሎው ጸጉር አውጥቶ ፍሬ በሚሞላበት ሰሞን ዝናቡ ቀጥ ካለና ሙቀቱ ከበረታ ተክሉ ይዳከማል፤ አፍላቶክሲን የሚያመርተው አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ ደግሞ የሚመቸው ያኔ ነው። በጸጉሩ በኩል፣ ወይም ትል በበሳው ቀዳዳ ይገባል። ዝናብ ሲበዛ ፉዛሪየም የሚባለው ሌላ ሻጋታ የራሱን መርዝ ይዞ ይመጣል። አጨዳው ላይ ዝናብ ከደረሰ ደግሞ ሳይደርቅ የተፈለፈለ በቆሎ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ እህል ስገዛ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ክረምቱ እንዴት እንደነበረ ነው።

ከረጢቱ ከማሳ የመጣውን መርዝ አያወጣም። እርጥብ እህል ካሸጉበትም እርጥበቱ መውጫ የለውም፤ እዚያው ይበላሻል። መቀቀሉም መጋገሩም መርዙን አያጠፋው። ጎረቤታችን ኬንያ በ2004 እ.ኤ.አ. በአፍላቶክሲን 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል፤ የበሉት በቆሎ ነበር፣ እርጥበት ባለበት የተቀመጠ።

በቆሎ የሚያመጡልኝ አባት ፍሬውን በጥርሳቸው ቀጭ አድርገው "ስሚው ልጄ፣ ደርቋል" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ጥርስ ያስታውቃል። እኔ ግን ጨውም እጨምርበታለሁ። ደረቅ የጠርሙስ ዕቃ ውስጥ በቆሎ አደርግና በደንብ የደረቀ ጨው ነስንሼበት፣ ከድኜ እንጠዋለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ካስቀመጥኩት በኋላ ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለሳል፣ ያውም ሸራ ላይ እንጂ መሬት ላይ አይሰጣም። ጨው ካልተጣበቀም አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ እጨምርለታለሁ፤ ለከረጢቱ የሚፈለገው 13 በመቶ ገደማ ነውና።

ከዚያ ለቀማ ነው። መርዙ በሁሉም ፍሬ እኩል አይገኝም፤ ጥቂቶቹ ላይ ይከማቻል። አረንጓዴ ብናኝ የያዘውን፣ የጠቆረውን፣ የተሰበረውንና ትል የበላውን ማውጣት ብዙውን ይቀንሳል፣ ጨርሶ ባያጠፋውም። የተለቀመውን ለላም የምትሰጡ እናቶች፣ እባካችሁ ተዉ። ላሟ የበላችው አፍላቶክሲን መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል፣ ወተቱን የሚጠጡት ደግሞ እነዚያው ልጆች ናቸው።

ከረጢቱን ግዙ እላለሁ፣ እህላችሁን ማድረቅ ከቻላችሁ። ስትገዙ ሁለቱንም ላስቲክ አውጥታችሁ ንፉባቸው፤ አየር የሚያሾልክ ካለ እዚያው መልሱ። ከግድግዳ አርቃችሁ እንጨት ላይ አስቀምጡ፣ አይጥ ከበሳው ተራ ማዳበሪያ ይሆናል። ካልተቀደደ ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል።