የማዘርቦርድ ስፒከር፦ ለጠቆረ ስክሪን አፍ የሆነች ዕቃ

ዴስክቶፔ አርጅቷል፣ አልክድም። ግን ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ሳበራው ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ሞኒተሩ ግን «ኖ ሲግናል» ብሎ ጠቆረ። ኬብል ቀየርኩ። ያው ነው። ሞኒተሩን ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ጥርት ያለ ምስል አሳየኝ። አንድ ወዳጄ «ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ጣለው» አለኝ፤ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋናውን ሰሌዳ ማለቱ ነው። ልጥለውም ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ከመጣሌ በፊት የገዛኋት ዕቃ ይቺ ናት፦ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ ያላት ስፒከር። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ራሱን ይፈትሻል፤ ችግር ካገኘ በጢጥታ ይናገራል። የእኔ ኬዝ ስፒከር አልነበረውም። ለካ ሲጮህ ከርሟል፣ አፍ ስላልነበረው አልሰማሁትም።

መሰኪያው ቦርዱ ላይ «ስፒከር» የሚል ጽሑፍ ያለበት አራት ፒን ነው። ጽሑፉ ከጉንዳን ያነሰ ስለሆነ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ ፈለግኩት። መጀመሪያ ገልብጬ ሰካሁት መሰለኝ፣ ዝም አለ። ሳዞረው ጮኸ፦ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፍተሻውን የሚያካሂደው ፕሮግራም ባዮስ ይባላል። የእኔ ባዮስ አዋርድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ በእሱ ቋንቋ ይህ የግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስሉን ወደ ሞኒተሩ የሚልከው ካርድ፣ ችግር ነው። ትርጉሙ እንደ ባዮሱ ይለያያል። ለምሳሌ ኤኤምአይ የሚባለው ሌላው ባዮስ የስክሪን ሜሞሪ ችግርን በስምንት አጭር ድምፅ ነው የሚናገረው። ከስፒከሯ ጋር ግን ይህን የሚገልጽ ብጣሽ ወረቀት እንኳ የለም። አንድ ነጥብ የቀነስኩባት በዚህ ነው።

የኃይል ገመዱን ነቀልኩ። የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣም ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኜ ያዝኩ። ካርዱን ሳወጣው ወርቅማው ጠርዝ ጠቋቁሯል። በነጭ ላጲስ ቀስ አድርጌ አሸሁት፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ጠረግኩ፣ «ቀጭ» እስኪል መልሼ ሰካሁት። አበራሁ። አንዲት አጭር ጢጥ! «ፍተሻውን አልፌያለሁ» ማለቷ ነው። ከዚያ ያ የናፈቀኝ አርማ ብቅ አለ።

ሁሉንም ግን አትነግርም። አንዲቷን አጭር ጢጥ ብላ ስክሪኑ ከጠቆረ፣ ኬብሉንና ሞኒተሩን ፈትሹ። ጭራሽ ዝም ካለች ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን፣ ፕሮሰሰሩን ወይም ቦርዱን ጠርጥሩ። ከዚያ በፊት ግን ኃይሉን ነቅላችሁ ራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) በሙሉ አውጡና እንደገና አብሩ። ያኔ ከጮኸች እሷም ቦርዱም በሕይወት አሉ ማለት ነው።

ሽቦዋ አጭር ነው፤ ድምፅዋ ግን ከመጠኗ በላይ። ከአምስት አራት ሰጥቻታለሁ። አልነቀልኳትም፤ ጠዋት ጠዋት ጢጥ ስትል ቤተሰቡ «ያቺ ነገር ዛሬም አለች?» ይለኛል።