አርቲኤክስ 3060፦ 12 ጊጋባይቱ ከየት መጣ?
ይህን የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተሩን ምስል የሚሠራውን ክፍል) የምጠቀምበት ለጌም አይደለም። ሥራዬ ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ፕሮግራም የቤት ውስጥ ዲዛይን ነው። የእንጨት፣ የጨርቅና የድንጋይ ቴክስቸር (የዕቃውን ገጽታ የሚያሳይ ምስል) ስጭን እውላለሁ። ስለዚህ ካርድ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ሜሞሪውን ነው።

በ2021 የወጣው አርቲኤክስ 3060 12 ጊጋባይት ይዟል። ጥቂት ወራት የቀደመው 3060 ቲአይ በፍጥነት ይበልጠዋል፤ ሜሞሪው ግን 8 ነው። በጣም የሚበልጣቸው 3080 እንኳ ሲወጣ 10 ነበር የያዘው። ታናሹ እንዴት በለጠ? ብዙ ሰው የገበያ ብልሃት ነው ብሎ ያልፈዋል። ከበስተጀርባው ግን ግልጽ ስሌት አለ።

የካርዱ ፕሮሰሰር ከሜሞሪ ቺፖቹ ጋር የሚገናኝበት መስመር ስፋት በቢት ይለካል። አንድ የጂዲዲአር6 (የ3060 የሜሞሪ ዓይነት) ቺፕ ከዚህ ላይ 32 ቢት ይይዛል። የ3060 መስመር 192 ቢት ነው። ለ32 ሲካፈል 6 ቺፕ ይሆናል። በጊዜው ባለ 1 እና ባለ 2 ጊጋባይት ቺፖች ነበሩ። እንግዲህ ምርጫው 6 ወይም 12 ነው። የተለያየ መጠን ያላቸውን ቺፖች ማደባለቅ ይቻላል፤ ግን ፍጥነቱ ወጣ ገባ ይሆናል። 6 ደግሞ ለዚያ ዘመን አነሰ። 12 የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ቲአይው መስመሩ 256 ቢት ስለሆነ ባለ 1 ጊጋባይት 8 ቺፖች ተደርድረውለት 8 ላይ ቆመ።

ሌላም ዘዴ አለ። ሰሌዳው ላይ ከፊትም ከኋላም ቺፕ ይለጠፋል፤ ሁለት ሁለቱ አንድ መስመር ይጋራሉ። ባለ 16 ጊጋባይቱ 4060 ቲአይ እንዲህ ነው የተሠራው። መጠኑ በእጥፍ ያድጋል፣ የመስመሩ ፍጥነት ግን ያው ነው።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። ትዕይንቱ ከሜሞሪው ከበለጠ ካርዱ ከኮምፒውተሩ ራም መዋስ ይጀምራል፤ ያኔ ሥራው ይንቀራፈፋል። አንዳንዴም ሬንደሩ (የመጨረሻውን ምስል ማውጣቱ) ጭራሽ ይቋረጣል። 3060 ፈጣን ካርድ አይደለም፣ አንድ ምስል ለመጨረስ ከቲአይው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ግን ይጨርሰዋል! ሶፋውን፣ ምንጣፉን፣ መጋረጃውን በሙሉ ጥራት አስቀምጬ ቴክስቸር ሳልቀንስ መሥራት መቻሌ ለእኔ ከፍጥነቱ ይበልጣል። ስክሪኑና ሌሎች ፕሮግራሞችም ከ12ቱ ትንሽ እንደሚወስዱ አትርሱ።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። በኋላ በዚሁ ስም ባለ 8 ጊጋባይት 3060 ወጣ። መስመሩ ወደ 128 ቢት ስለወረደ ቺፖቹ 4 ብቻ ናቸው። በሴኮንድ 360 ጊጋባይት ያመላልስ የነበረው ወደ 240 ወረደ። ይህ ሌላ ካርድ ነው፣ ሌላ ስም ይገባው ነበር። ስትገዙ 12 ጊጋባይትና 192 ቢት የሚሉትን ሁለቱንም አይታችሁ ውሰዱ። ጌም ብቻ ለሚጫወት ግን ቲአይውን እመርጥለታለሁ።