የሐምሌት መነባንብ፦ ከገደል አፋፍና ከመስታወት ፊት
«መኖር ወይስ አለመኖር» የሚለውን፣ በሼክስፒር ተውኔት ውስጥ ልዑል ሐምሌት የሚናገረውን መነባንብ ተዋናዩ ሎረንስ ኦሊቪየር እ.ኤ.አ. በ1948ቱ ፊልም ባሕሩ ቁልቁል በሚታይበት ከፍታ ላይ ሆኖ፣ ከፊሉን በአንደበቱ፣ ከፊሉን ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ እንደ ሐሳብ በሚሰማ ድምፅ ያቀርበዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሞትን በእንቅልፍ ሲመስል ቆይቶ «ሕልም» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ብንን ይላል፣ ጩቤውም ኋላ ከእጁ አምልጦ ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ኬኔት ብራና በ1996ቱ ፊልም ግን ትልቅ መስታወት ፊት ቆሞ ይናገራል፤ የሐምሌትን አባት የገደለው ንጉሥ ክላውዲየስ ከመስታወቱ ጀርባ ተደብቆ ስለሚያየው፣ የተመዘዘው ጩቤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ብቻ ሳይሆን የግድያ ዛቻም ይሆናል። ንግግሩ ሰሚ ሲያገኝ ድራማነቱ ስለሚጎላ እኔ የብራናን እመርጣለሁ፤ ሆኖም በዚያች አንዲት ቃል ላይ የኦሊቪየርን ድንጋጤ የሚስተካከል አላገኘሁበትም።