የጥጥ ፊልትሮ በናፍጣ ፒካፕ ላይ፦ ከወራት በኋላ ያለኝ አስተያየት

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ታጥቦ ዘይት እየተቀባ የሚመለሰውን የጥጥ የአየር ፊልትሮ አውጥቼ ወረቀት ፊልትሮ አስገብቻለሁ። ወረቀቱ ግን የመኪናው ስም የታተመበት አይደለም፤ እሱም የሌላ አምራች ነው። ስለዚህ «ከኦርጂናሉ ውጭ ያለ የአየር ፊልትሮ ያዋጣል ወይ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ መልሴ «የትኛው?» ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።

መኪናዬ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው የናፍጣ ፒካፕ ነው። ጭነት ይይዛል፤ አስፋልትም አቧራም ይነዳል። የሞተሩ ኮምፒውተር አልተነካም። ጥጡን ያስገባሁት ማሸጊያው ላይ የተጻፉት ሦስት ተስፋዎች እውነት መሆናቸውን በራሴ መኪና ለማየት ነው፦ ተጨማሪ ጉልበት፣ የናፍጣ ቁጠባ፣ ዕድሜ ልክ የሚታጠብ ፊልትሮ።

መጀመሪያ የሚለወጠው ድምፁ ነው። ነዳጅ ስትረግጡ የቱርቦው ፉጨት ጎልቶ ይሰማል። ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ችግሩ ጆሮ እግርን ያታልላል። መኪናው የፈጠነ ይመስላችኋል። እኔ የማውቀውን ዳገት በተመሳሳይ ጭነትና በተመሳሳይ ማርሽ ደጋግሜ ወጣሁት፤ ጫፍ ላይ የምደርስበት ፍጥነት ያው ነው።

ይህ ደግሞ ምክንያት አለው። አብዛኛው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን የሚቆጣጠረው የሚገባውን አየር በመክፈትና በመዝጋት ነው። ናፍጣ እንደዚያ አይሠራም። ጉልበቱን የሚወስነው የሚረጨው ናፍጣ መጠን ነው። አየሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ስለዚህ ናፍጣው ሳይጨመር አየር ብቻ ቢጨመር የሚቃጠል ነገር አልተጨመረም። በዚያ ላይ ንጹህ ወረቀት ፊልትሮ አየሩን የሚይዘው በጥቂቱ ነው፤ ያችኑም ቱርቦው ያካክሳታል። ኮምፒውተሩ ተስተካክሎ ብዙ ናፍጣ የሚረጭ፣ ትልቅ ቱርቦ የተገጠመለት መኪና ካላችሁ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የፋብሪካው ፊልትሮ ሊያንስ ይችላል። ከፋብሪካ እንደወጣ ለሚነዳ መኪና ግን ጉልበት ከፊልትሮ አይገኝም።

ናፍጣ ቁጠባውም እንዲሁ። ታንኩን በሞላሁ ቁጥር መዝግቤያለሁ። ልዩነት ካለም ጭነቱ፣ ነፋሱና የነዳጅ እግሬ ውጠውታል። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላብራቶሪ በ2009 ባወጣው ጥናት፣ ነዳጅ አረጫጨታቸው በኮምፒውተር የሚመራ የቤንዚን መኪኖች ፊልትሯቸው ተደፍኖ እንኳ የነዳጅ ፍጆታቸው እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ የቀነሰው የመፍጠን አቅማቸው ነው። ናፍጣ ራሱን የቻለ ነገር ቢሆንም፣ ከንጹህ ፊልትሮ ወደ ሌላ ንጹህ ፊልትሮ በመቀየር ብቻ ብዙ ይቆጠባል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አቧራው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ሞተሩ ከ10,000 ሊትር በላይ አየር ይስባል። ታንክ ሙሉ ናፍጣ ስንት አየር እንደሆነ አስቡት። በአቧራ መንገድ ላይ ደግሞ ያ አየር ንጹህ አይደለም። የፊልትሮ አምራቾች አይኤስኦ 5011 በሚባለው መስፈርት ሲፈትኑ፣ የታወቀ መጠን ያለው አቧራ ይለቁበትና የያዘውን ይመዝናሉ። ጥሩ ወረቀት ከ99 በመቶ በላይ ይይዛል። በዘይት የራሰ ጥጥ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ዝቅ ይላል። «99 ሆነ 97 ምን ልዩነት አለው?» ትሉ ይሆናል። ሒሳቡን ከተያዘው ሳይሆን ካመለጠው በኩል ሥሩት። 100 ግራም አቧራ ቢመጣ፣ 99.5 በመቶ የሚይዘው ግማሽ ግራም ያሳልፋል። 97 በመቶ የሚይዘው 3 ግራም ያሳልፋል። ስድስት እጥፍ ማለት ነው።

ያመለጠው አቧራ መጀመሪያ የሚያገኘው ቱርቦውን ነው። የቱርቦ ክንፎች በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከሩ ይችላሉ፤ በዚያ ፍጥነት ደቃቅ አሸዋ እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። ቀጥሎ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። በፒስተኑ ፋሻ (ፒስተኑን በሚከበው የብረት ቀለበት) እና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል እየተፈጨ ሁለቱንም ይበላል። በጣም የሚጎዳው ደግሞ በዓይን የማይታየው፣ ከጥቂት ማይክሮን እስከ 20 ማይክሮን አካባቢ ያለው ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ካሰባችሁ መጠኑ ይገባችኋል። ፋሻው ሲበላ ሞተሩ ዘይት ማቃጠል ይጀምራል፤ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል። ያኔ ፊልትሮውን የሚጠረጥር የለም፤ «ሞተሩ አርጅቷል» ይባላል።

እኔ ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ ከፊልትሮው በኋላ ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጠረግኩት። በወረቀቱ ጊዜ ጨርቁ ንጹህ ሆኖ ይወጣ ነበር። በጥጡ ጊዜ ስስ፣ ቅባት የነካው ቡናማ ነገር ይዞ ወጣ። ሁለተኛ፣ የሞተር ዘይት ስቀይር ናሙናውን ላብራቶሪ አስመረመርኩ። ሲሊከኑ፣ ማለትም በአቧራና በአሸዋ ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር፣ ከወትሮው ከፍ ብሏል። ሲሊከን ብቻውን ከፍ ቢል ከማሸጊያ ሙጫም ሊመጣ ስለሚችል አያስደነግጥም። ከሞተሩ የሚፋቀው ብረትም አብሮት ከፍ ሲል ግን አቧራ መግባቱን ነው የሚናገረው፤ የእኔም እንዲያ ነበር። ወረቀቱን ከመለስኩ በኋላ በተወሰደው ናሙና ሁለቱም ወርደዋል። የአንድ መኪና ወሬ ነው፤ ለሁሉም ይሠራል አልልም። ለእኔ ግን በቂ ነው።

እጥበቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ማጠቢያውን መንፋት፣ ማለቅለቅ፣ በጥላ ማድረቅ፣ ዘይት መቀባት፣ ዘይቱ እስኪሰርግ መጠበቅ። እስኪደርቅ መኪናው ቆሞ ነው። ዘይቱ ካነሰ አቧራ ያልፋል። ከበዛ ደግሞ ተነፍቶ የአየር መጠን የሚለካው ሴንሰር ላይ ሊለጠፍ ይችላል፤ ያኔ ሴንሰሩ የተሳሳተ መረጃ ይልካል፣ ሞተሩም ይንገዳገዳል። በመጠን መቀባት ይቻላል፤ እኔም ችግር አላጋጠመኝም። ግን በየጊዜው እጅን ማመን ነው።

ከሌላ አምራች የመጣው ወረቀትስ? እዚህ ላይ ሐሳቤ ይለወጣል። ጥሩ ስም ያላቸው አምራቾች፣ ማን-ፊልተር (MANN-FILTER) ወይም ዶናልድሰን ዓይነቶቹ፣ ሥራቸው ፊልትሮ ነው፤ ለመኪና ፋብሪካዎችም ያቀርባሉ። የእነሱን ስገዛ ስጋት አይገባኝም። የምጠነቀቀው ስሙ ከማይታወቀውና ከፎርጅዱ ነው። ከአሮጌው ጎን አስቀምጬ ከፍታውን፣ የእጥፋቱን ብዛት፣ ሙጫው አንድ ወጥ መሆኑን አያለሁ። ከሁሉም በላይ የዙሪያውን ጎማ በጣቴ እጫነዋለሁ። አንዴ ጎማው ደረቅ የሆነ፣ የፊልትሮ ቤቱን ክዳን ካልታገሉት የማይዘጋ ፊልትሮ ገጥሞኝ ያኔውኑ መልሻለሁ። ወረቀቱ የፈለገውን ያህል ቢያጣራ፣ በጎን ክፍተት ካለ አየሩ የሚመርጠው ክፍተቱን ነው። ከገጠማችሁ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ከፍታችሁ የንጹሁን ጎን ተመልከቱ፤ ከጎማው ተነስቶ የሚሄድ የአቧራ መስመር ካለ ያ ፊልትሮ ይውጣ።

ከዚያ ውጭ ግን ቶሎ ቶሎ አትክፈቱት። ወረቀት ፊልትሮ አዲስ ሲሆን ከሚያጣራው ይልቅ ትንሽ አቧራ ከያዘ በኋላ ይሻላል፤ የተከማቸው አቧራ ራሱ ያጣራል። በከፈታችሁ ቁጥር ደግሞ አቧራ ወደ ንጹሁ ጎን ትጥላላችሁ። የመደፈን ጠቋሚ (ፊልትሮው ምን ያህል እንደተደፈነ የሚያሳይ መለኪያ) ያላችሁ እሱን እመኑ። የብዙ ቱርቦ ናፍጣ ሞተሮች ወሰን፣ በግፊት መለኪያ ሲለካ፣ 25 ኢንች ውሃ አካባቢ ነው፤ 6 ኪሎፓስካል ገደማ። ጠቋሚ ከሌላችሁ ማኑዋሉን ተከተሉ፤ አቧራ ለሚበዛበት ሥራ የተጻፈውን አጭሩን ርቀት።

ፊልትሮውን በኮምፕሬሰር መንፋትም ይቅር። ንፋሱ ወረቀቱን በዓይን በማይታይ መልኩ ሊበሳው ይችላል፤ ንጹህ መስሎ የሚያሳልፍ ፊልትሮ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ከባድ መኪና ላይ ከትልቁ ፊልትሮ ውስጥ የምትገባዋ ሁለተኛዋ መጠባበቂያ ደግሞ ጭራሽ አትጸዳም፣ በአዲስ ብቻ ነው የምትተካው። እሷ አቧራ ይዛ ካገኛችኋት ትልቁ ተበስቷል ወይም በጎኑ እያሳለፈ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ ቀይሩ።