በብርሃን ጀርም ይገድላል የተባለው ቅብ በረንዳ ላይ እና ክፍል ውስጥ

ለመስታወት፣ ለሴራሚክና ለበር እጀታ የሚረጭ፣ «በማንኛውም ብርሃን ጀርም ይገድላል» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ፈሳሽ ከአንድ የአዲስ አበባ የግንባታ ዕቃ መደብር ገዝቼ ሞክሬዋለሁ። ዋና ንጥረ ነገሩ ለነጭ ቀለም መሥሪያ የሚውለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች አኪራ ፉጂሺማና ኬኒቺ ሆንዳ ይህ ውሕድ በብርሃን ኃይል ውኃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እንደሚለያይ እ.ኤ.አ. በ1972 ካሳወቁ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። ተስማሚ ጨረር ሲያርፍበት ከአየር ኦክስጅንና ከእርጥበት እጅግ ንቁ የሆኑ ሞለኪውሎችን ይፈጥራል፤ እነዚህም የባክቴሪያን ሽፋን ያፈርሳሉ፣ ቅባትና ጥላሸትንም ቀስ በቀስ ይበታትናሉ።

አንድ ነጭ ሴራሚክ ቀብቼ፣ ሌላውን ሳልቀባ ትቼ፣ በሁለቱም ላይ ሜቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ማቅለሚያ አንጠብጥቤ በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመታኋቸው። በተቀባው ላይ ሰማያዊው ነጠብጣብ ከጠርዙ እየሳሳ ሄዶ ጨርሶ ጠፋ፤ ባልተቀባው ላይ ግን ቀለሙ በፀሐዩ ብቻ ጥቂት ከመደብዘዝ አላለፈም። ውኃ ሲፈስበትም በተቀባው ላይ እንደ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ አቧራውን ይዞ ይወርዳል፤ ለደጅ መስኮት ይህ ብቻውን ትልቅ ጥቅም ነው።

ክፍል ውስጥ በኤልኢዲ አምፖል ሥር ሲቀመጡ ግን ሁለቱ ሴራሚኮች ልዩነት አላሳዩም። የተለመደው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚነቃው ከ388 ናኖሜትር ገደማ ባነሰ የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም ዓይን በማያየው በአልትራቫዮሌት ጨረር ሲሆን፣ የቤት አምፖል ይህን ጨረር ከሞላ ጎደል አያወጣም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለችው የአዲስ አበባ ፀሐይ ግን በዚህ ረገድ ለጋስ ናት። በናይትሮጅን ተቀይጠው በሚታይ ብርሃን እንዲሠሩ የሚዘጋጁ ዓይነቶች መኖራቸው እውነት ቢሆንም፣ የዚህ ዕቃ መለያ ስለዚያ የሚለው ነገር የለም።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ሻጩ ለክሊኒክ በር እጀታም እንደሚሆን መናገሩ ነው። በረኪና በአግባቡ ተበጥብጦ ሲወለወልበት በደቂቃዎች የሚሠራውን ይህ ቅብ በጥሩ ፀሐይ እንኳ ረጅም ጊዜ ይፈልግበታል፤ ደም ወይም አቧራ ከሸፈነው ደግሞ ብርሃኑም አይደርሰውም። ስለዚህ በክሊኒክ ውስጥ የበረኪናን ቦታ ሊይዝ አይገባም። የሚረጭ ሰውም ጭጋጉን ወደ ውስጥ እንዳይስብ ማስክ ያድርግ፤ ፕላስቲክና ቀለም የተቀባ እንጨት ላይ ባይረጨው ይሻላል፣ ቆሻሻውን የሚበላው ሂደት እነርሱንም ይበላልና።

ለደጅ መስታወትና ለበረንዳ ሴራሚክ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። አምራቹ ግን ቅቡ በየትኛው የሞገድ ርዝመት እንደሚሠራ፣ የጀርም ገዳይነቱም በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) 27447 ወይም ለክፍል ብርሃን በወጣው በአይኤስኦ 17094 መመዘኛ ተፈትሾ እንደሆነ በማሸጊያው ላይ ሊጽፍ ይገባዋል።